ሊኑክስና ድራይቨሮቹ

ኮምፒውተሩ ላይ ሊኑክስ ለመጫን ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ዋይፋዩ ይሠራል ወይ? ፕሪንተሩስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ድራይቨር በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ላይ የተንጠለጠለ ነው። ድራይቨር በስርዓተ ክወናውና በዕቃው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። እሱ ከሌለ ዕቃው ቢሰካም አይሠራም።

በዊንዶውስ ዘንድ ድራይቨሩን ጽፎ የሚያድለው በአብዛኛው የዕቃው አምራች ነው። ሊኑክስ የያዘው መንገድ ሌላ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጀመረው ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ድራይቨሮቹን በጉያው ይዞ ነው ያደገው፤ ዛሬ ከኮዱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉ የእያንዳንዱን ካርድ የአምራችና የሞዴል መለያ ቁጥር ያነባል። ለምሳሌ የኢንቴል መለያ 8086 ነው፤ ኩባንያው በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር መጠሪያ ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ድራይቨር ካለ ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ባለቤቱ ሲዲ አይፈልግም፣ ድረ ገጽ አያስስም።

ትልቁ ጥቅም የሚታየው ዕቃው ሲያረጅ ነው። የከርነሉ ጸሐፊዎች የውስጥ አሠራሩን ሲለውጡ አብረውት ያሉትን ድራይቨሮች ሁሉ ያስተካክላሉ። ስለዚህ አምራቹ የረሳው ካርድ በአዲስ ከርነል ላይም ይሠራል። ከከርነሉ ውጭ የቀረ ድራይቨር ግን በየእድሳቱ የመሰበር አደጋ አለበት።

የግራፊክስ ካርድ አምራቹን የኤንቪዲያን ያህል ይህን ያሳየ ጉዳይ የለም። ኩባንያው ለረጅም ዘመን ለሊኑክስ የሚሰጠው ኮዱ የተዘጋ ድራይቨር ነበር። ከርነሉ ታድሶ ድራይቨሩ ካልተከተለው ተጠቃሚውን ጥቁር ስክሪን ይጠብቀዋል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ፈቃደኛ ባለሙያዎች «ኑቮ» የተባለ ክፍት ድራይቨር መጻፍ ጀመሩ። የካርዱ ሰነድ ስላልተሰጣቸው የተዘጋው ድራይቨር ወደ ካርዱ የሚልከውን ትእዛዝ እየመዘገቡ፣ የእያንዳንዱን ትርጉም በሙከራ እየደረሱበት ሠሩት። በ2010 ወደ ከርነሉ ገባ። ለእኔ ይህ በሶፍትዌር ታሪክ ከታዩት እጅግ ትዕግሥት የጠየቁ ሥራዎች አንዱ ነው። ሆኖም ኋላ የወጡት ካርዶች በኩባንያው የተፈረመ ፈርምዌር (ካርዱ ሲነሳ የሚጫንለት የአምራቹ ኮድ) ካልሆነ አንቀበልም ስላሉ፣ ኑቮ ካርዱን በሙሉ ፍጥነቱ ማሠራት አቃተው። በ2012 ቶርቫልድስ ራሱ ፊንላንድ ውስጥ በሕዝብ ፊት ኩባንያውን በብርቱ ቃል ነቀፈው። ኤንቪዲያ የከርነል ድራይቨሩን ኮድ የከፈተው በግንቦት 2022 ነው፤ እሱም ከ2018 ወዲህ ላሉት ካርዶች ብቻ። ተፎካካሪው ኤኤምዲ ግን በ2007 የካርዶቹን ሰነድ ለመልቀቅ ወስኖ ነበር፤ ፍሬውም ዛሬ ካርዶቹ ሊኑክስ ላይ እንደተሰኩ መሥራታቸው ነው።

በዋይፋይ በኩልም ችግሩ ብዙ ጊዜ ፈርምዌር ነው። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ነፃ ያልሆነ ፈርምዌርን ከመጫኛው ለይቶ ሲያስቀምጥ ኖሮ በ2023 በወጣው 12ኛ እትሙ አካተተው። ብዙ ላፕቶፕ ያለ ተጨማሪ ድካም ኢንተርኔት ማግኘት የቻለው በዚህ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው ለሚሠሩ ሰዎች ሊኑክስን መሞከር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለውም። ብቻ ዲስክዎን ከማጥፋትዎ በፊት ሊኑክስን ፍላሽ ላይ ይጻፉና ከፍላሹ ያስነሡት፤ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ፕሪንተሩን ይሞክሩ፤ ላፕቶፑ ተኝቶ በደንብ መንቃቱንም ይዩ። የዩኤስቢ ዋይፋይ ሲገዙ ደግሞ ከማሸጊያው ስም ይልቅ የቺፑን ስም ይጠይቁ፤ በአንድ ሞዴል ስም የሚሸጡ ዕቃዎች ውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊሆን ይችላልና።