እስከ በራችን የመጣው መንገደኛ፦ ኢብን በጡጣና የእኛ ልጆች

 

በእኛ አካባቢ፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ባሉት መንደሮች፣ በረመዳን ሌሊት ከተራዊህ በኋላ ዱዓ ሲደረግ ሳይነሳ የማይቀር አንድ ሰው አለ፤ እሱም ሙሳፊሩ ነው። ከየቤቱ አንዱ ጅዳ ነው፣ አንዱ ሪያድ ነው፣ አንዱ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነው። ሸሪዓችን ለሙሳፊር አዝኖለታል፤ ሶላቱን ያሳጥርለታል፣ ጾሙን ወደ ሌላ ቀን ያሻግርለታል። መንገድ ከባድ መሆኑን ፈጣሪው ያውቃልና። ዛሬ በዚህ ገጽ በእስልምናው ዓለም ከታወቁት መንገደኞች ሁሉ ስሙ የገነነውን የኢብን በጡጣን ታሪክ እናነሳለን። ከታሪኩ ውስጥ ለእኛ ለወሎ ቤተሰቦች የሚበጅ ብዙ ነገር አለና።

ከታንጀር የተነሣው ወጣት

አቡ ዓብዱላህ ሙሐመድ ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1304፣ በ703 ዓመተ ሒጅራ፣ በሞሮኮዋ ታንጀር ከተማ ቃዲዎች ከወጡበት ቤተሰብ ተወለደ። የማሊኪን መዝሀብ ፊቅህ ተማረ። በ1325፣ በረጀብ ወር፣ ሐጅ ለማድረግ ብቻውን ከቤቱ ወጣ። እናትና አባቱ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ፤ መለያየቱ ለእነሱም ለእሱም ከባድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

ለሐጅ የወጣው ልጅ አገሩን ዳግም ያየው ከ24 ዓመት በኋላ ነው። ግብፅን፣ ሻምን፣ ሒጃዝን፣ ኢራቅን፣ የመንን፣ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ፣ ሕንድንና ቻይናን አዳረሰ። ከተመለሰ በኋላም አላረፈም፤ አንዳሉስን አየ፣ ሰሐራን አቋርጦ እስከ ማሊ ዘለቀ። በመጨረሻም በሞሮኮው ሱልጣን በአቡ ዒናን ትእዛዝ ያየውን ሁሉ እየተናገረ፣ ኢብን ጁዘይ የተባለው ጸሐፊ ከተበው። በ1355 የተጠናቀቀው ያ መጽሐፍ «ሪሕላ» እየተባለ ይጠራል።

ይህ ሰው በሰው አገር ምን በልቶ ኖረ? ብለን መጠየቅ ይገባናል። ስንቁ ዕውቀቱ ነበር። በደልሂ ሱልጣን ሙሐመድ ቱግሉቅ ቃዲ አድርጎ ሾመው፤ በማልዲቭ ደሴቶችም ቃዲ ሆነ። ቋንቋው በማይታወቅበት አገር እንኳ ፊቅሁና ዐረብኛው ቀድመው በር ከፈቱለት።

በዘይላ ያለፈች አንዲት ሌሊት

እ.ኤ.አ. በ1330 ገደማ ኢብን በጡጣ ከዓደን ተነሥቶ አራት ቀን በባሕር ተጉዞ ዘይላ ደረሰ። ዛሬ ለጅቡቲ ድንበር ቅርብ የሆነችው ዘይላ ያን ጊዜ የይፋትና የደጋው አገር የባሕር በር ነበረች። ትልቅ ከተማ፣ ትልቅ ገበያ ያላት መሆኗን መስክሯል። ነገር ግን የዓሣው ሽታና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ደም አስመርሮት፣ ባሕሩ እየተናወጠ ሳለ ከከተማዋ ይልቅ መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። ከዚያም ወደ መቅዲሾ ቀጠለ። እስከ በራችን መጥቶ፣ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ሄደ ማለት ነው። ስለ ይፋትም ሆነ ስለ ወሎ ምድር ያየውን አልጻፈልንም፤ አላየምና።

በዚያው ዘመን የኖረው አል-ዑመሪ ግን እግሩ አገራችንን ሳይረግጥ ስለ እኛ ጻፈ። ካይሮ የነበሩትን ሸኽ ዓብዱላህ አዝ-ዘይለዒን እየጠየቀ፣ ይፋትን፣ ደዋሮን፣ አራባብኒን፣ ሐዲያን፣ ሸርኻን፣ ባሌንና ዳራን፣ ሰባቱን የሙስሊም ግዛቶች፣ በመጽሐፉ አስፍሮ አቆየልን። ልብ በሉ፤ ብዙ አገር የዞረው አላየንም፣ ተቀምጦ ያዳመጠው ግን አወቀን። ዕውቀት በእግር ብቻ አይገኝም፤ አዋቂን አክብሮ በመጠየቅም ይገኛል።

በባሕር ማዶ ያገኛቸው ሐበሾች

ኢብን በጡጣ አገራችን ባይገባም የአገራችንን ልጆች በሩቅ አገር አግኝቷቸዋል። ከሕንድ ጠረፍ በተሳፈረበት መርከብ 50 ሐበሻ ተዋጊዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ እንኳ ያለበትን መርከብ የባሕር ወንበዴ እንደማይደፍር ጽፏል። በሕንድ አላፑር የተባለችውን ከተማ ይገዛ የነበረው በድር የተባለ ሐበሻ ነበር፤ በጀግንነቱም ስሙ የተጠራ ነው። በኮሎምቦም ከገዢው ጋር 500 ያህል ሐበሾች አይቷል። በድር የሱልጣኑ ባሪያ ነበር፤ በዚያ ባሕር ላይ እንደ እሱ ተሸጠው የተሻገሩ የሐበሻ ልጆች ብዙ ናቸው።

በሌላ በኩል ዕውቀት ፍለጋ የወጡ ነበሩ። ሸኽ ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒ በ705 ዓመተ ሒጅራ ካይሮ ገብተው ፊቅህ አስተማሩ፤ «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» የተባለውን ትልቅ የሐነፊ ፊቅህ ኪታብ ጽፈው በ743 አረፉ። ጀማሉዲን ዓብዱላህ አዝ-ዘይለዒም «ነስቡር ራያ» በተባለው ሥራቸው የፊቅህ መረጃ የሆኑ ሐዲሶችን ምንጭ አንድ በአንድ መረመሩ፤ በ762 ዓመተ ሒጅራ አለፉ። ታላቁ ኢብን ሐጀር ይህን ኪታብ አሳጥረው አዘጋጅተውታል። በአል-አዝሀርም የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል የእኛ አካባቢ ደረሶች ማደሪያ ነበር። ከዘይላ ስም ጋር በዓለም ኪታብ ቤቶች ውስጥ የቀረው የእነዚህ ሰዎች ዕውቀት ነው።

የመንገድ ዋጋ

የኢብን በጡጣን ዝና ስናነሳ የከፈለውንም ዋጋ መደበቅ የለብንም። በ1326 ከደማስቆ ሲወጣ ነፍሰ ጡር ሚስት ትቶ ነበር። ሕንድ ሳለ ወንድ ልጅ መውለዷን ሰማ፤ ለልጁ አያትም 40 የወርቅ ዲናር ላከ። በ1348 ወደ ደማስቆ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ልጁ ነበር። ልጁ ከሞተ 12 ዓመት ሆኖታል ተባለ። እዚያው ከተማ አባቱም ከ15 ዓመት በፊት ማረፋቸውን ነገሩት። ወደ አገሩ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ እናቱ በወረርሽኙ መሞታቸውን ሰማ። ታንጀር የደረሰው መቃብራቸውን ሊዘይር ነው።

ወርቅ ልኳል፤ የልጁን ፊት ግን አላየም። ይህ ነገር ዛሬ በብዙ ቤታችን ያለ ነው። ሐዋላው ይመጣል፣ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ልጁ ግን አባቱን የሚያውቀው በስልክ ድምፅ ነው።

ከዚህም የከፋው መንገዱ ነው። ወጣቶቻችን ዛሬ በባቲ በኩል ወደ ዓፋር በረሃ ወርደው ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ያመራሉ። ደላላ ይቀበላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ ወር ብቻ በጅቡቲ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በአሥሮች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አልቀዋል። ኢብን በጡጣ በሄደበት ሁሉ ዛዊያ ይቀበለው፣ ወቅፍ ያበላው ነበር። የእኛን ልጅ በበረሃው ማን ይቀበለዋል?

ሰው አይሂድ አንልም። ዲናችን በምድር ላይ ተጉዘን እንድናስተውል ያስተምረናል፤ የወሎ ዑለማም ሎሃቸውን ይዘው ከሸኽ ሸኽ እየዞሩ ነው የቀሩት። ነገር ግን መንገድ ስንቅ ይፈልጋል።

በዚህ ረመዳን ሦስት ነገር እንድታደርጉ ወላጆችን አደራ እንላለን። አንደኛ፣ የመሄድ ሐሳብ ያለው ልጅ ተደብቆ በሌሊት እንዳይወጣ፣ በኢፍጣር ማዕድ ላይ ሐሳቡን በግልጽ ይንገራችሁ፤ ሳትቆጡ አዳምጡት። ለደላላ ሊከፈል የታሰበው ገንዘብ እዚሁ ሙያ ሊያስተምረው ወይም ሥራ ሊያስጀምረው ይችል እንደሆን አብራችሁ አስሉ። የግድ ከሄደም በሕጋዊው በር፣ ሙያና ቋንቋ ይዞ ይሂድ። ሁለተኛ፣ ውጭ ያላችሁ አባቶች፣ ስትደውሉ ከገንዘቡ በፊት ልጁን ጠይቁት፤ የሐፈዘውን ሱራ ያሰማችሁ፣ የትምህርት ቤቱን ውሎ ይንገራችሁ። ሦስተኛ፣ ልጆች ሆይ፣ አያቶቻችሁ በእግርና በመርከብ ሐጅ የሄዱበትን፣ ደረሳ ሆነው በየሸኹ ደጃፍ ያደሩበትን ታሪክ ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉ። ኢብን ጁዘይ ባይኖር የኢብን በጡጣ ጉዞ ከእሱ ጋር በተቀበረ ነበር። በወሎ ስንት ሪሕላ ሳይጻፍ ተቀብሯል!

ከአርዲቦ የሚወርደው ውሃ ወደ ታች ወደ ሐይቅ ይገባል እንጂ በረሃ ላይ ደርቆ አይቀርም። የልጆቻችንም ጉዞ እንዲሁ ለወገን የሚደርስ ይሁን። አላህ መንገድ ላይ ያሉትን በሰላም ያግባ፣ በባሕር የቀሩትን ይማር፣ ለወላጆቻቸውም ሶብር ይስጥ። አሚን። ረመዳን ከሪም።