የኤሌክትሮኒክ ዕቃን ከሱቅ ስለ መግዛትና ከሩቅ ስለ ማስመጣት

በጂቡቲ ከተማ የእጅ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ለመግዛት ላሰበ ሰው ዛሬ ሁለት በር ተከፍቶለታል። አንደኛው፥ በቀድሞው የምኒልክ አደባባይ፥ ከነጻነት ወዲህ የ27 ጁን 1977 አደባባይ በተባለው ሥፍራ ወይም በገበያው አካባቢ ካሉት ሱቆች ገብቶ ዕቃውን በእጁ ይዞ መመርመር ነው። ሁለተኛው፥ በኢንተርኔት ሥዕሉን አይቶና ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሎ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ርካሽ መስሎ ስለሚታይ የሚመርጠው ሰው እየበዛ ሄዷል።

የምንዛሪው ሒሳብ አያሳስትም። የጂቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ አንዱ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተተምኖ የጸና ስለ ሆነ፥ የ200 ዶላር ስልክ 35,544 ፍራንክ መሆኑን ማንም ያሰላል። የሚያሳስተው በሥዕሉ አጠገብ ያልተጻፈው የማጓጓዣ፣ የባንክና የጉምሩክ ወጪ ነው።

ዕቃው በደኅና ቢደርስም ለአገሩ የተሠራ ላይሆን ይችላል። የጂቡቲ የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። የስልክ መሙያ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል አያሠጋም። ነገር ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ የድምፅ ማጉያ በተሰካበት ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። በሱቅ ይህ ፈተና የሚፈጸመው ከክፍያ በፊት፥ በባለ ሱቁ ግድግዳ ላይ ነው። እንደዚሁም ለብቻው የተላከ የሊቲየም አዮን ባትሪ እሳት እንዳያስነሣ በመፍራት፥ ከ1 ኤፕሪል 2016 ጀምሮ መንገደኛ በሚጭን አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ በዓለም አቀፍ ደንብ ተከልክሏል። ሻጩ ይህን ሳይናገር ቢልከው ጥቅሉ በመንገድ ይቀራል፤ ገዢው በሰማይ ያለች ላም ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

ገዢው ዕቃውን ሳያይ የሚከፍል መሆኑን በማሰብ፥ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ ከሩቅ ለገዛ ሰው ዕቃውን የሚመልስበት 14 ቀን ሰጥቶታል። ይህ መብት የተደነገገው ግን ለኅብረቱ አገሮች ገዢዎች ነው። ከጂቡቲ ሆኖ የገዛ ሰው ሻጩ በገዛ ፈቃዱ በሰጠው ቃል ብቻ መታመን ግድ ይሆንበታል፤ የመመለሻው ማጓጓዣም ከርካሽነቱ ያተረፈውን ሊበላበት ይችላል።

ሱቁም ቢሆን ከነቀፋ የጸዳ አይደለም። የታደሰ አሮጌ ስልክ በአዲስ ካርቶን አሽጎ የሚሸጥ ነጋዴ አይታጣም። ስለዚህ ገዢው *#06# ጽፎ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር ያስተያይ፤ ቁጥሮቹ ካልተስማሙ ገንዘቡን አይክፈል።

አቤቱታ ሲቀርብ ልዩነቱ ይገለጣል። የታወቀ ሱቅ ያለው ነጋዴ ተጠርቶ ሊጠየቅ ይችላል። በሌላ አገር የተቀመጠውን፥ ስሙ እንኳ እውነተኛ መሆኑ ያልታወቀውን ሻጭ ግን የከተማው መጥሪያ አያገኘውም። በባንክ ካርድ የከፈለ ሰው ባንኩን ሊያመለክት ይችል ይሆናል፤ በስልክ ለግለሰብ የተላለፈ ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በተቀባዩ ፈቃድ ነው። አቤቱታውን የሚቀበለው ሹም አስቀድሞ የሚጠይቀው ደረሰኙን፥ የዕቃውን ቁጥርና ከሻጩ ጋር የተደረገውን የጽሑፍ ልውውጥ ነው።