ምግብ አልወርድ ሲል

በማቻከል ወረዳ አማኑኤል ከተማ እንጀራ ደረቱ ላይ እየቆመ የሚያስቸግረው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጨጓራውን ነው፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። እንጀራውም ውሃውም እኩል አልወርድ ካለ፣ ቀን የተበላውም ሌሊት ሳይኮመጥጥ እንደ ገባ ወደ አፍ ከተመለሰ ግን አካሌዢያ የሚባለውን ሕመም ማሰብ ያስፈልጋል።

የዋጥነው ምግብ ጨጓራ ደጃፍ ሲደርስ ክብ ጡንቻ ላላ ብሎ ያሳልፈዋል። በአካሌዢያ ይህን ጡንቻ የሚያዝዙት የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ደጃፉ ተቆልፎ ይቀራል፤ የምግብ ቧንቧውም መግፋቱን ይተዋል። በዓመት ከ100,000 ሰው 1 ገደማ ይይዛል። የሞተውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ሁሉ ጡንቻውን ማላላት ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1674 እ.ኤ.አ. ታሪኩን የጻፈለት ሕመምተኛ፣ ጫፉ ላይ ስፖንጅ በታሰረበት የዓሣ ነባሪ አጥንት ምግቡን ራሱ ወደ ታች እየገፋ ለዓመታት ኖሯል። ዛሬ በዚያ ፈንታ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ፊኛ በአፍ አስገብተው ይነፉታል። ቀላል ነው፤ ግን መደገም ሊያስፈልገው ይችላል፤ አልፎ አልፎም ቧንቧውን ስለሚቀድ ቀዶ ሐኪም በቅርብ መኖር አለበት።

ጀርመናዊው ኧርነስት ሄለር በ1913 እ.ኤ.አ. የጀመረው ቀዶ ሕክምና የውስጡን ስስ ሽፋን ሳይነካ ጡንቻውን ብቻ በቁመቱ ይሰነጥቃል። ዛሬ ቃር እንዳይመጣ የጨጓራው ጫፍ በቧንቧው ላይ ታጥፎ ይሰፋል። ጃፓናዊው ሃሩሂሮ ኢኖዌ ደግሞ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያንኑ ጡንቻ በአፍ በገባ ኢንዶስኮፒ ቆርጧል፤ ጠባሳ የለውም፣ ቃሩ ግን ይበዛል። የቦቶክስ መርፌ ከወራት እስከ ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ አቅመ ደካሞች ነው።

ከአማኑኤል መንገዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ነው። መመላለስ ለሚከብደው ወጣት ገበሬ፣ ሐኪሙ ከተስማማ፣ አንዴ ተሠርቶ ለዓመታት የሚያገለግለው የሄለር ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን በባሪየም ራጅና በኢንዶስኮፒ መታየት የግድ ነው፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰርም ይህን ሕመም መስሎ ይመጣልና። መጀመሪያ ጠጣሩ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ፈሳሹ አልወርድ ካለዎትና ከከሱ፣ ቃር ማስታገሻ እየደጋገሙ አይቆዩ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሲሄዱም «ጨጓራዬን ያመኛል» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ ምን አልወርድ እንዳለዎት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለይተው ይንገሩ።