ባሕር በመዳብ ላይ

እ.ኤ.አ. በ1753 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ቤተ መንግሥት የአገሪቱን ወደቦች እንዲሥል ሠዓሊውን ዦዜፍ ቬርኔን አዘዘ። ከታቀዱት 24 ሥዕሎች የተጠናቀቁት 15 ብቻ ናቸው። በየቤቱ የገቡት ግን ሻርል ኒኮላ ኮሼንና ዣክ ፊሊፕ ለ ባ በመዳብ ቀርጸው ባሳተሟቸው ቅጂዎች ነው።

ሰም የተቀባው መዳብ በመርፌ ይጫራል፤ የተጋለጠውን መስመር አሲድ ይበላዋል፤ ከዚያ ቀራጩ በስለታም ብረት ያጠልቀዋል። ኅትመት ግራና ቀኝ ስለሚያቀያይር ወደቡ በመዳቡ ላይ ተገልብጦ መቀረጽ ነበረበት። ይህም ቢሆን ከቀለም ፈተና ይቀላል፤ ባለ ብዙ ቀለሙን ባሕር በጥቁር መስመር ብቻ ማሳየት ግድ ነበርና። የረጋ ሰማይ በተጠጋጉ አግድም ጭረቶች፣ ማዕበል በጠመዝማዛ መስመር፣ ብርሃን ደግሞ ሳይነካ በቀረ ወረቀት ይወጣል። ከቬርኔ ሥዕሎች አንዱ በሆነው በባንዶል ባሕረ ሰላጤ ሥዕል ቱና አጥማጆች ከመረባቸው ጋር ሲታገሉ፣ ባለጸጎች በጀልባ ሆነው ትርኢቱን ይመለከታሉ።