‹‹ምን አጥፍቶ ነው በሳህን ያሰራችሁት?››

መቼም ዛፍ በሳህን ተተክሎ ያየ ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ‹‹ምን አጥፍቶ ነው?›› አንዳንዱ ‹‹ምግብ እየከለከልከው ነው እንዲህ ኮስሶ የቀረው›› ይለኛል። ሌላው ቅርንጫፉ ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። አንዲት ትልቅ ሰውማ ‹‹ግፍ ነው ልጄ፣ ፍታው›› ብለው ለምነውኛል። ይህን የምጽፈውም ግማሹ ለእኚህ እናት መልስ ይሁን ብዬ ነው። ቦንሳይ ተርቦ ያጠረ ዛፍ አይደለም። ጠግቦ እየበላ፣ ፀሐይ እየሞቀ፣ በመቀስ የተያዘ ዛፍ ነው። ያልበላ ዛፍ መቀስ አይችልም፤ ቢቆርጡት ያችኑ የቀረችውን ጉልበት ጨርሶ ይደርቃል።

ቃሉ የጃፓን ሲሆን ‹‹በሳህን የተተከለ›› እንደማለት ነው። ጥበቡን ጃፓኖች የወሰዱት ከቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራ የአንድ የቻይና ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ ትንንሽ ተክልና ድንጋይ ያለበት ሳህን የያዙ አገልጋዮች ተስለው ተገኝተዋል። ታዲያ ብዙ ሰው ቦንሳይ ሲባል በውድ የሚሸጥ የጃፓን ጥድ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየውን የአጥር ተክል፣ ፕሪቬትን ነው።

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ስሙን ባታውቁት መልኩን ታውቁታላችሁ። በአሮጌ ቤቶች ደጃፍ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን ሆኖ የተከረከመው፣ ሰኔ ገደማ ነጭ አበባ አውጥቶ ሽታው አፍንጫ የሚይዘው ቁጥቋጦ እሱ ነው። አሜሪካኖች የካሊፎርኒያ ፕሪቬት ይሉታል እንጂ አገሩስ ጃፓን ነው። ከእኛው ወይራና ከጠምበለልም ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ደግነቱ ምንድነው ካላችሁ፣ ግንዱን ከጉልበት በታች በመጋዝ ብትቆርጡት፣ አንድ ቅጠል ባይቀርለት እንኳ፣ የሞተ ከሚመስለው አሮጌ እንጨት ላይ ቀንበጥ ያወጣል። ጥድን እንዲህ ብታደርጉት ቀብሩን ቆፍሩ። ሌላው ዋጋው ነው። ሰዉ አጥሩን ነቅሎ ቆሻሻ መኪና ላይ ሲጭን ‹‹አንዱን ልውሰድ?›› ማለት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ታሪኬ ልምጣ። ስሜ አይጠቀስ ስላሉኝ እትዬ ብቻ ልበላቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ስልሳ አምስት ገደማ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ሰፋባቸውና ልጆቻቸው ይሸጥ አሉ። ደላላው መጥቶ አየና ‹‹አጥሩ ቤቱን ሸፍኖታል፣ ይነቀል›› ብሎ ፈረደ። ያንን አጥር ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከረክሙት ባለቤታቸው ነበሩ። እትዬ በጥር መጨረሻ ደወሉልኝና ‹‹ልጄ፣ አፓርታማ ልገባ ነው፤ በረንዳ አለው አሉኝ። ከአጥሩ አንዷን ታተርፍልኛለህ ወይ?›› አሉኝ። ወንድ ልጃቸው ከጎናቸው ሆኖ ‹‹እማዬ፣ የአባዬ ፎቶ ሞልቶሽ ጉቶ ምን ያደርግልሻል?›› ሲል በስልኩ ይሰማኛል።

ችግሩ ጊዜው ነበር። ነቃዮቹ ለሳምንቱ ተቀጥረዋል፤ መሬቱ ደግሞ ገና ደርቆ እንደ ድንጋይ ነው። ፕሪቬት የሚነቀለው ብርዱ ሊያልቅ ሲል፣ እንቡጡ አበጥ አበጥ ብሎ ቅጠል ሳይከፍት ነው። እኔ ባለሁበት ሜሪላንድ ይህ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ነው። አራት ሳምንት ጠብቁኝ ብል ደላላው አኮረፈ፤ ልጅየውም ‹‹ገዢ ያመልጠናል›› ብሎ ተቆጣ። እትዬ ግን ‹‹ቤቱ እስካሁን በስሜ ነው›› አሉና ነገሩ አበቃ።

ለመሆኑ የቱ ይነቀል? ሰው ሁሌ ረጅሙንና ቅጠላሙን ይመርጣል። ቁመቱ እንደሆነ ይቆረጣል፣ ቅጠሉም ይረግፋል፤ መታየት ያለበት ታችኛው ነው። አፈሩን በእጃችሁ ጫር ጫር አድርጉና ግንዱ ወደ መሬት ሲወርድ የሚሰፋውን፣ ሥሩ እንደ ዶሮ እግር ዙሪያውን የተበተነውን ፈልጉ። እትዬ ምርጫቸውን ጨርሰው ነበር የጠበቁኝ። ከበሩ አራተኛዋን፣ ባለቤታቸው አንድ የበረዶ ቀን መኪና ወደኋላ ሲሉ የገጯትን። እኔም አፈሩን ጫርኩና እሰየው አልኩ። ግንዷ እንደ ክንድ ወፍራም፣ ከግጭቱ በኋላ ጎበጥ ብላ ያደገች ናት። ለእኔ ዓይን ቀጥ ካለው ጎባጣው ይበልጣል።

መጀመሪያ ላይኛውን በመጋዝ ቆርጬ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ግንድ አስቀረሁ። ከዚያ ዙሪያውን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ራቅ ብዬ በአካፋ ቆፈርኩ። ወደ ታች የሚወርዱትን ወፋፍራም ሥሮች ቆረጥኩ፤ ቀጫጭኖቹን ግን በተቻለ መጠን አልነካሁም፤ ውሃ የሚጠጡላት እነሱ ናቸውና። አሮጌውን ጭቃ አፈር በጎማ ውሃ አጥቤ፣ ታቹ የተበሳሳ ሰፊ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ጠጠር በበዛበት አፈር ተከልኳት። ከሣጥኑ ጋር በሽቦ ማሰር የግድ ነው፤ ነፋስ በወዘወዛት ቁጥር አዲስ የሚወጣው ሥር ይበጠሳል። ማዳበሪያ ቅጠል አውጥታ ማደግ እስክትጀምር ድረስ አይሰጥም።

አምስት ሳምንት ሙሉ ምንም የለም። በየማታው ስልክ ይደወላል። ‹‹ሞተች እንዴ?›› ‹‹ልጧን በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለች።›› በስድስተኛው ሳምንት ግንዷ ላይ እንደ ሽፍታ ትንንሽ አረንጓዴ ነጥቦች ወጡ። እትዬ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራ ነው የፈራሁት።

ብዙ ሰው ዛፉን የሚገድለው እዚህ ላይ ነው። ቀንበጥ ሲያይ መቀስ ያነሳል። አይሆንም! የመጀመሪያውን ዓመት እንደፈለገ ይደግ፣ ይንጨባረር፤ ቅጠል በበዛ ቁጥር ሥር ይበዛል። ‹‹ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?›› አሉኝ። ‹‹ውሃ ያጠጡ›› አልኳቸው።

ውሃው ደግሞ ቀልድ አይደለም። በሣጥን ያለ ተክል ሥሩን ውሃ ፍለጋ የትም መላክ አይችልም። የአፈሩ ፊት መድረቅ ሲጀምር፣ ከታች በቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ ማጠጣት ነው፤ በሐምሌ ሙቀት በየቀኑ፣ አንዳንዴም ጧትና ማታ። እትዬ በዚያው ሐምሌ ለባለቤታቸው ሙት ዓመት ስድስት ሳምንት ጎንደር መሄድ ነበረባቸው። ‹‹እቀራለሁ›› እስከማለት ደርሰው ነበር። እኔ ልውሰዳት ስል ያ ‹‹ጉቶ›› ያለው ልጅ ‹‹እኔ ጋ ትሁን›› አለ። በየማታውም ፎቶ እያነሳ ይልክላቸው ጀመር። ሁለት ቀን ፎቶ ሲቀር ታዲያ ከጎንደር ደውለው ያፋጠጡት እሱን ሳይሆን እኔን ነው! ለካ የጠፋው ኔትወርክ ኖሯል።

መቀሱ የሚነሣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ከበቀሉት ቀንበጦች ለቅርንጫፍነት የሚሆኑትን አምስት ስድስቱን አስቀርቶ ሌላውን ማስወገድ ነው። የፕሪቬት ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። ስለዚህ ቀንበጡ ስድስት ሰባት ጥንድ ሲያወጣ ወደ አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ብትመልሱት ከየብብቱ ሁለት ሆኖ ይበቅላል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ ቀንበጡ ሲበዛ ቅጠሉ በዚያው ልክ እያነሰ ይሄዳል። ትንሽ ቅጠል የሚመጣው በረሃብ ሳይሆን እንዲህ ነው። ከአንድ ነጥብ ሦስትና አራት ቢወጡ ግን ሁለቱን ብቻ አስቀሩ፤ አለዚያ ቦታው እንደ ዕባጭ ያብጣል።

ሽቦው የአሉሚኒየም ሆኖ ውፍረቱ የቅርንጫፉ ሲሶ ያህል ይሁን። የሚጠመጠመው ቅርንጫፉ ለጋ ሳለ ነው፤ አሮጌው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እትዬ ሽቦውን ሲያዩ ደነገጡ፤ ‹‹ልጆች ጥርስ ላይ እንደሚደረገው ብረት ማለት ነው›› ብላቸው ገባቸው። ፕሪቬት አስተዳደጉ ፈጣን ስለሆነ በየሳምንቱ እያዩ፣ ሽቦው ልጡን ሊነክስ ሲል በመቁረጫ እየቆራረጡ ማውጣት ነው። እየፈቱ ላውጣ ያለ ቅርንጫፉን ይዞ ይቀራል።

መኪናው የገጨው ቦታ በስብሶ ተገኘ። የፕሪቬት ቁስል ቶሎ አይደፈንም። የበሰበሰውን ጠርበን፣ ውሃ እንዳይቋጥር ወደ ታች ከፍተን ዋሻ አደረግነው። ዛሬ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ዋሻ ነው።

አሁን በአራተኛ ዓመቷ በረንዳው ላይ ናት። ዝርግ ሳህን ውስጥ የገባችውም ዘንድሮ ነው። በኃይለኛ ብርድ ግን ሥሯ እንዳይመታ ሳህኗን በቅጠልና በእንጨት ፍቅፋቂ እንቀብራታለን። ‹‹አለቀች?›› ሲሉኝ ‹‹ቅርንጫፉ ገና ልጅ ነው፤ ሌላ ስድስት ሰባት ዓመት›› አልኳቸው። ‹‹እኔ እኮ ሰባ ሊሞላኝ ነው›› አሉ።

መልስ አልነበረኝም። በሳምንቱ ዋሽንግተን ብሔራዊ አርቦሪተም ወሰድኳቸው፤ ልጃቸውም ተከተለን። እዚያ በሚገኘው የቦንሳይ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በሳህን የተያዘ የጃፓን ነጭ ጥድ አለ፤ መግቢያው በነጻ ነው። ጥዱ ሂሮሺማ በያማኪ ቤተሰብ ግቢ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ቦምቡ ሲወድቅ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በግንብ ተከልሎ ተረፈ። ማሳሩ ያማኪ እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ሰጡት። ከቦምብ የተረፈ መሆኑ የታወቀው ግን የልጅ ልጆቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ሊያዩት መጥተው ሲናገሩ ነው። እትዬ ጥዱ ፊት ብዙ ቆሙ። ልጅየው ደግሞ ስንመለስ መኪና ውስጥ ስንት ዓይነት መቀስ እንደሚያስፈልግ ጠየቀኝ።

ከሱቅ ለምትገዙ ጥቂት ልበል። ‹‹የቤት ውስጥ ቦንሳይ›› ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የቻይናው ፕሪቬት ነው። ሶፋ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ብርሃን አጥቶ ይረግፋል፤ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት፣ በበጋ ደግሞ ደጅ ይፈልጋል። አፈሩ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ጠጠር ካለ ዛሬውኑ ሰብራችሁ አውጡት፤ ውሃው በላዩ አልፎ ይፈሳል እንጂ ሥሩ ጋ አይደርስም። ጥቁር ፍሬው መርዝ ነው፤ ሕፃን ያለበት ቤት አበባውን ቀድሞ መቁረጥ ይሻላል። ዘሩን ወፎች እየበተኑት በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጫካ ወርሮ አስቸግሯልና፣ ይህም ሌላው ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ ፕሪቬት ፍለጋ አትድከሙ፤ ወይራ አላችሁ። ደቡብ አፍሪካውያን ይህንኑ የእኛን ወይራ ዝርያ ቦንሳይ አድርገው ድንቅ አድርገውታል። እንደ ፕሪቬት ከአሮጌ እንጨት ያቆጠቁጣል፤ አስተዳደጉ ግን ዘገምተኛ ነው። ከደንም ሆነ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳትነቅሉ፤ ከችግኝ ጣቢያ ግዙና ሰፋ ባለ ዕቃ ግንዱ እስኪወፍር አሳድጉት። የቆረጣችሁትንም ቅርንጫፍ አትጣሉት፤ ደርቆ የወተት ዕቃ ማጠኛ ይሆናል።