የሩዝ ማሳ ሳይኖባክቴሪያና ከፀረ-አረም ጉዳት የሚታደጉት የዕፅዋት ሆርሞኖች

ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ቆላ ድባ የደምቢያ አካባቢ ከተማ ስትሆን፣ ከእርሷ እስከ ጣና ዳርቻ የተንጣለለው ዋልካ መሬት በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት፣ ከፎገራና ከሊቦ ከምከም ወረዳዎች ጋር ለሩዝ የተመቸ ሜዳ ሆኗል። ውሃ በተኛበት የሩዝ ማሳ፣ በጭቃው ገጽና በሰብሉ ግርጌ አረንጓዴ ዝልግልግ ሽፋን የሚሠሩት ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው፤ እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ቢያዘጋጁም ወገናቸው ከባክቴሪያ ነው። በርካታ ዝርያዎቻቸው፣ በተለይም ኖስቶክና አናቤና፣ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ሰብል ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጣሉ፤ ይህ ሥራ ለሩዝ ማሳ ያለውን ጥቅም ህንዳዊው ተመራማሪ ፒ. ኬ. ደ እ.ኤ.አ. በ1939 አሳውቋል።

ከአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ሰብል በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። የዩሪያ ፋብሪካ ይህን ጋዝ ወደ አሞኒያ የሚለውጠው ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚበልጥ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት ሲሆን፣ ሳይኖባክቴሪያ ግን በማሳው ውሃ ሙቀት ናይትሮጂኔዝ በተባለ ኢንዛይም ይሠራዋል። ኢንዛይሙ ኦክስጅን ሲነካው ስለሚበላሽና ሳይኖባክቴሪያ ራሱ ኦክስጅን ስለሚያመነጭ፣ ኖስቶክና አናቤና ሕዋሶቻቸው እንደ መቁጠሪያ ከተሰደሩበት ሰንሰለት ውስጥ ጥቂቶቹን ወደ ሄትሮሲስት ይለውጣሉ፤ ሄትሮሲስት ግድግዳው የወፈረና ኦክስጅን ማመንጨት ያቆመ፣ ናይትሮጅን ለመያዝ ብቻ የተለየ ሕዋስ ነው።

ገበሬው ግን ማሳውን ከአረም ማጽዳት አለበት፤ የእጅ አረም አድካሚ በመሆኑም ፀረ-አረም ኬሚካል ተፈላጊ ነው። በዓለም የሩዝ ማሳዎች የሚረጩት ቡታክሎርና ፕሪቲላክሎር የሚበቅለውን አረም እድገት ይገታሉ፤ ሆኖም ወደ ሳይኖባክቴሪያው ሕዋስ ሲገቡ የብርሃን ምግብ ዝግጅቱን ያውካሉ። በዚህ ጊዜ ሱፐር ኦክሳይድንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የመሰሉ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ተከማችተው ስብን፣ ፕሮቲንንና አረንጓዴውን ቀለም ክሎሮፊልን ስለሚያበላሹ፣ እድገትም ናይትሮጅን መያዝም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የዕፅዋት ሆርሞኖች ይገባሉ። ሆርሞን በጣም በጥቂት መጠን እድገትን የሚመራ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ኢንዶል አሴቲክ አሲድ የኦክሲን ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተለየው ካይኔቲን ደግሞ የሳይቶካይኒን ወገን ነው። በህንድ በተደረጉ የላቦራቶሪ ሙከራዎች በፕሪቲላክሎር የተጎዱ ኖስቶክና አናቤና እጅግ አነስተኛ መጠን ያለው ካይኔቲን ወይም ኢንዶል አሴቲክ አሲድ ሲጨመርላቸው፣ ጎጂውን ኦክስጅን የሚያከሽፉ እንደ ካታሌዝ ያሉ ኢንዛይሞቻቸው ተጠናክረው እድገታቸው በከፊል አገግሟል። አንዳንድ ሳይኖባክቴሪያ ኢንዶል አሴቲክ አሲድን ራሳቸው ስለሚያመርቱም ንጥረ ነገሩ ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። የሚያስገርመው፣ በኢትዮጵያ የጤፍና የስንዴ ማሳዎች በስፋት የሚረጨው ፀረ-አረም ቱ ፎር ዲ ኦክሲንን የሚመስል ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር መሆኑ ነው፤ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ከልክ ባለፈ የእድገት ትእዛዝ አዛብቶ ይገድላል። እንግዲህ አንዱ የሆርሞን ወገን እንደ መጠኑና እንደ ተቀባዩ ገዳይም አዳኝም ይሆናል።

የሆርሞኑ ጥበቃ ግን ገደብ አለው፤ ፀረ-አረሙ ሲበዛ ማገገሙ ያንሳል፣ ሆርሞኑ ራሱ ሲበዛም ይጎዳል። ኢንዶል አሴቲክ አሲድ በብርሃን ስለሚፈርስና የአፈር ደቂቅ ሕዋሳት ስለሚበሉት፣ በብልቃጥ የታየው ውጤት እንዳለ ወደ ማሳ አይሸጋገርም። የደምቢያ ዋልካ አፈር ከብልቃጥ ውሃ እጅግ የተለየ በመሆኑ፣ ተስፋው ሊመዘን የሚገባው በዚሁ አካባቢ ማሳ ላይ ነው፤ ለዚህም ወረታ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቅርብ ነው። እስከዚያ ድረስ ሳይኖባክቴሪያን የሚጠብቀው በገበሬው እጅ ያለው እርምጃ፣ በጀርባ መርጫው የሚረጨውን ፀረ-አረም ከታዘዘው መጠን አለማሳለፍና መርጨቱን አረሙን ለማጥፋት በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ መወሰን ነው።