የጀልባ ሠራተኛና የሰውነቱ ጤንነት

በጣና ሐይቅ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በጀልባ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ይውላል፤ ነገር ግን የሚጓዘው ጀልባው እንጂ እግሩ አይደለም። ስለዚህ ወደ የብስ ሲወርድ በሳምንት ሦስት ቀን 25 ደቂቃ ያህል ቢሮጥ ልቡና ሳንባው ይበረቱለታል።

ዋናም ለሰውነት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በሐይቁ ዳር አደጋ አለበት። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው የቢልሃርዝያ ትል በዓይን ሳይታይ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ውሎ አድሮም አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። የውሃው መጥራት ዋስትና አይሆንም። እኔም ከውጭ አገር ትምህርቴ ስመለስ የዋና ልማዴን በዚያው ዳር ቀጥዬ ነበር፤ የትሉም እንቁላል በሰገራዬ ተገኘ። ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ዳንሁ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ ሩጫን ለተማሪዎቻችሁ አስተምሩ፤ ዋናን ግን ንጹሕ በሆነ መዋኛ ገንዳ ብቻ ፍቀዱ፤ በሐይቁ ዳር የዋኘም ሳያፍር ይመርመር።